እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር

ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። በአንዲት ጠባብ መስኮት የሰው ስም፣ ዕድሜና ሕመም ስመዘግብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጸባይ የላትም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። እናንተም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሦስት መቶ ሰው በአንዲት ቀዳዳ “የቀደምኩት እኔ ነኝ” እያለ ቢጮህባችሁ ጸባያችሁ የት እንደሚገባ ባየሁት። ግን አንድም ቀን ካርድ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይቺን ማንም አይወስድብኝም።

ካስቀመጥኳቸው ካርዶች አንዱ የአክስቴ ነው። “ሁለቱም ዓይኖች፣ ሞራ” ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናቴ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ የወሰደችኝ፣ በዚያች የስፌት መኪና ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሁን ቀኝ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም፤ በግራው ጥላ ጥላ ነገር ታያለች። ባለፈው ዓመት ለጎረቤት ሱሪ ሰፍታ ኪሱን በውጭ በኩል አደረገችው። ሰውየው አመስግኖ ወሰደና ሌላ ሰፊ ጋ አስተካክሎ ለበሰው። እንዲህ እንዲህ እያለ ደንበኛው ሁሉ እያመሰገነ ጠፋ። እሷም ገብቷታል፣ ግን አትናገርም። መኪናዋን በየቀኑ ትወለውላለች እንጂ አትሰፋበትም። ያለ ሥራ ከተቀመጠች እንደማትቆይልኝ አውቃለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

ታዲያ ሆስፒታል እየሠራሽ ምን ሆነሽ ነው አታሳክሚያትም ትሉኝ ይሆናል። ወረፋ አለ። የታችኛው ዓይን ክፍል ማሽን በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ራሱ ይታመማል። አክስቴ ቁጥሯ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። በስምንት ወር ውስጥ አንድ መቶ ሃምሳ ሁለት ሰው ተሠራ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ይቀረዋል። ካርዷን ከታች ስቦ ከላይ ማድረግ ለእኔ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን ላደርገው እንደሆነ ሹክ ብላት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ሰው ዘልዬ ባገኘሁት ዓይን ማንን ቀና ብዬ ላይ ነው አለችኝ።

ደሜን የሚያፈላው ግን ወረፋው አልነበረም። አራተኛው ፎቅ ነበር።

አራተኛው ፎቅ የእንግዶች ፎቅ ይባላል። ለሕክምና ቱሪዝም ተብሎ የተሠራ ነው። ከባሕር ማዶ ሕሙማን በአውሮፕላን እየመጡ ሊታከሙበት፣ ሆስፒታላችን ስሙ ሊጠራበት። ሥራ አስኪያጁ ሪባን ቆርጦ ከመረቀው ሰባት ወር ሆኖታል። ሰውየው ሪባን መቁረጥ ነፍሱ ነው፤ የውሃ ታንከር ሳይቀር መርቋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው በሙሉ “ሪባን” ነው የሚለው። ፎቁ ላይ የአምስት ከተማ ሰዓት የሚያሳዩ አምስት የግድግዳ ሰዓቶች አሉ፣ አንዱ ቆሟል። ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋ አለ። የጽዳት ሴቶቹ በቀን ሁለቴ፣ ያውም ጫማቸውን አውልቀው ይወለውሉታል። አዲስ የዓይን ሞራ ማውጫ ማሽንም አለ። የዓይን ሐኪማችን፣ በሱ ላይ ሦስት ወር የሠለጠነው፣ በየሰኞው ወጥቶ ለኩሶ፣ አሠርቶ፣ አጥፍቶ ይወርዳል፤ እንዳይበላሽ። የጠፋው ሕመምተኛው ብቻ ነው። በሰባት ወር አንድ እንግዳ ዝር አላለም።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ሕሙማንን ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ድርጅት ወኪሉን ማክሰኞ እንደሚልክ ይገልጻል። ሕንፃ ማየት አልፈልግም፣ ሕንፃ በፎቶ አይቻለሁ፤ አንድ የውጭ ታካሚ ከመግቢያ ጀምሮ ሲስተናገድ አሳዩኝ ትላለች ወኪሏ። ሪባን ሁላችንንም ስብሰባ ጠርቶ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበልን። ከዚያ ፊታችንን በየተራ ያይ ጀመር፣ ከመካከላችን አንዱ በኪሱ የውጭ አገር ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ይመስል።

መላው የመጣው ከራሱ ነው። አንድ ሰው እንዋሳለን አለ። ዕድሜው ጠና ያለ፣ የእውነት ሕመምተኛ የሚመስል፣ አፉን የሚዘጋ። ወንበር ላይ እየተገፋ ይገባል፣ ይመረመራል፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ጉብኝቱ ያልቃል፣ ሁላችንም ወደ ምሳ። ማንም “በሩ ላይ ባያበቃስ” ብሎ አልጠየቀም። ምክንያቱም እኛ ቤት ጎብኚ እስከ በር ነው። ስንቱ ባለሥልጣንና ስንቱ ለጋሽ መጥቶ አይተናል፤ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። ሆስፒታላችን ከበሩ መለስ ብቻ ቀለም የተቀባውም ለዚሁ ነው።

የሒሳብ ሹሟ አማቷን ልታመጣ ፈለገች፣ ግን ሴትየዋ ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት እንደማይችሉ ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ እጅ ያን ጊዜ ነው የተነሳው። አክስት አለችኝ፣ ዓይኗን ያማታል፣ ዝምተኛ ናት አልኩ። ሁለቱ እውነት ነው። ሦስተኛው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ነጭ ውሸት ነው፤ አክስቴ ተኝታም ታወራለች።

አስቤበት ነው ብል ውሸት ነው። አላሰብኩበትም ብልም ውሸት ነው። ብቻ ማታ ቤት ገብቼ ነገርኳት። መጀመሪያ ሰደበችኝ። በስተርጅና አታላይ ልታደርጊኝ ነው አለች። ቆየት ብላ፣ እዚያ ፎቅ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዝንብም የለ አልኳት። ምርመራውስ የእውነት ነው አለችኝ። ወኪሏ ቆማ ስለምታይ የእውነት መሆኑ አይቀርም አልኳት። የስፌት መኪናዋን ክዳን በእጇ አሻሸች።

“እንግዲያው ልሂድ” አለች። “ቢያንስ ዓይኔ ምን ያህል እንደቀረው ይነግሩኛል።”

አንጀቴን በላችው። ያን ሌሊት፣ ምናልባት በሩን ካለፈች ብዬ፣ ሳልነግራት ወሰንኩ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ለእንግዶች ፎቅ በተሠራው አዲስ ሰማያዊ አቃፊ ካርድ አወጣሁ። የፊተኛው ገጽ ላይ ሪባን የሰጠኝን ረጅም የባሕር ማዶ ስም ጻፍኩ። ከሥሩ ግን የስምንት ወሩን እውነተኛ ወረቀት ሁሉ አስገባሁ፤ የደም ግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የሐኪሙን አስተያየት፣ የወረፋ ቁጥሯን ከነስሟ።

ማክሰኞ ጠዋት አክስቴን ጥቁር መነጽር አድርገን፣ ሻርፕ ጠምጥመን፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ወኪሏ ረጅም፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር የያዘች ሴት ናት። አስተርጓሚ ተብሎ የተቀጠረው የጂኦግራፊ አስተማሪ ከጎኗ አለ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ለሳምንት በአምስት ቋንቋ “እንኳን ደህና መጡ” ስታጠና ሰንብታ፣ ስትደነግጥ አምስቱንም ባንድ ትንፋሽ ለቀቀችባት። ወኪሏ ሳቀችና እጇን ጨበጠቻት። ከዚያ ሪባን ፎቁ መግቢያ ላይ ያሠራውን ትንሽ ፏፏቴ ሲያሳያት መጸዳጃ ቤቱ የት ነው አለች። ሶፋውን ሲያሳያት መሳቢያ ከፍታ ጓንት ቆጠረች። ደም ወለል ላይ ቢፈስ ምን ታደርጊያለሽ ብላ አንዷን የጽዳት ሴት ጠየቀች፤ ሪባን ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሴትየዋ ግን የትኛውን መድኃኒት፣ በምን ያህል ውሃ፣ ስንት ደቂቃ አስቀምጣ እንደምትጠርግ አንድ በአንድ ነገረቻት። ወኪሏ ይህንን በሙሉ ጻፈች። ስለ ፏፏቴው ምንም አልጻፈችም።

አክስቴ ደግሞ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተሰቃይታ አታውቅም። ነርሷ ባጠናችው ቋንቋ ሰላም ስትላት እንደ መሪ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። ክንዷን ለደም ግፊት ሲጠቀልሉት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ከሕመም መስሏቸው አዘኑላት፣ እኔ ግን ማውራት አምሯት እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ቤት ካርድ በታካሚ እጅ አይሰጥም፣ የካርድ ክፍል ሰው ነው ይዞ የሚሄደው፤ ስለዚህ እኔም አቃፊዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ከኋላ እከተላለሁ። የዓይን ሐኪሙ በመሣሪያው ጎንበስ ብሎ ሲያያት ትወናውን ረሳው። ይሄ እንዴት እስከዛሬ ተቀመጠ ሲል ለራሱ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ወኪሏ ቆማ ታያለችና ዓይኗን ለካ፣ የብሌን ማስፊያ ጠብታ አደረገባት፣ ከቅንድቧ በላይ ምልክት ጻፈባት። ሁሉም በደንቡ፣ በተራው ሄደ።

በሩ ጋ ደረስን። ሪባን ሁለት እጁን አገጣጥሞ ጉብኝታችን እዚህ ላይ ይጠናቀቃል፣ ምሳ ተዘጋጅቷል አለ። አስተርጓሚው ተረጎመ። ወኪሏ ግን ምሳውን እንዳልሰማች አልፋው ከመደርደሪያው ላይ አረንጓዴ ጋውን አንስታ መልበስ ጀመረች። በመስታወቱ በኩል ቆሜ አያለሁ፣ ቀጥሉ አለች።

ጉድ ፈላ። ሪባን ታካሚዋ ከመንገድ ደክመዋል አለ። ተመርምረው ደህና ናቸው ተብሏል አለች። መብራት ሊቋረጥ ይችላል አለ። ጄኔሬተሩን ጠዋት አሳይታችሁኛል አለች። ማሽኑ አዲስ ነው ሲል ሐኪሙ ሳያስበው፣ በየሰኞው እንደምንፈትሸው ይነገርልኝ አለ። ነርሶቹ ከውስጥ እጃቸውን ታጥበው፣ ጓንት አጥልቀው ቆመዋል፤ እነሱስ ምን ያድርጉ፣ ተዘጋጁ ተባሉ፣ ተዘጋጁ። ለካስ በሰባት ወር ውስጥ ሁሉም ነገር ተሟልቶ፣ አንድ ሰው በዚያ በር አልፎ እንዲገባ ብቻ ነበር የቀረው።

ሐኪሙ ካርዱን ከእጄ ተቀበለ። ገለጠ። ሁለተኛውን ገጽ ሲያይ ቆም አለ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ስሙን አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ዓይን ለዓይን ስገጥም የኖርኩ ሴት ያን ጊዜ ያየሁት ወለሉን ነው። አሁን ያጋልጠኛል፣ ሥራዬም የአክስቴም ዓይን አበቃለት ብዬ ነበር።

አላጋለጠኝም። ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ ከወንበሯ ፊት ቁጢጥ አለ፤ መነጽሯን በቀስታ አወለቀላትና በራሳችን ቋንቋ አናገራት።

“እናቴ፣ የቀልዱ ነገር እዚህ ላይ ያብቃ። ከዚህ በር ካለፍን ቀኝ ዓይንዎን የእውነት እሠራልዎታለሁ። ካልፈለጉ ደግሞ አሁን ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ፣ ማንም ምንም አይልዎትም። ይፈልጋሉ?”

ሪባን ከሐኪሙ ጀርባ ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ፣ ጣቱን አፉ ላይ እያደረገ ዝም በዪ ይላታል፤ ሞራ ላለበት ዓይን ምልክት ያሳያል ሰውዬው። አክስቴ እጇን ዘርግታ የሐኪሙን ትከሻ ዳሰሰች።

“ልጄ፣ ስምንት ወር ሙሉ ስጠብቅህ ነው የከረምኩት” አለችው። “የማንንም ሰው ተራ የማልወስድ ከሆነ፣ እፈልጋለሁ።”

“እዚህ ፎቅ ላይ ተራ የያዘ ሰው የለም።”

“እንግዲያው ግፋኝ።”

ወኪሏ ወደ አስተርጓሚው ዞራ ምን አሉ ብላ ጠየቀች። ነገሩ ሳያጠራጥራት አልቀረም፤ ከባሕር ማዶ መጣች የተባለች ሴት ከሐኪሙ ጋር በአገሬው ቋንቋ እንዲህ ስትግባባ ሰምታለች። አስተርጓሚው ሪባንን አየ፣ አክስቴን አየ፣ ምራቁን ዋጠ። አስተማሪ ነው እንግዲህ፤ ተማሪ ሲዋሽ የሚቀጣ ሰው ነው። ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመላት፤ የወኪሏን ፊት እያየሁ ነበርና ገባኝ። አልተቆጣችም። ጋውኗን እንደለበሰች ሪባንን እንደ እሷ ያሉ ስንት ሰዎች ይጠብቃሉ ብላ ጠየቀችው። ሪባን አላወቀውም፣ ዞሮ እኔን አየ። እኔ በቃሌ ነው የማውቀው። ከሷ በፊት ሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ከሷ በኋላ አምስት መቶ ዘጠና አንድ አልኩ። ጻፈችው። ከዚያ በሩን ራሷ ያዘችላቸው።

የስምምነቱን ወረቀት አክስቴ በእውነተኛ ስሟ ፈረመች። እጇን መስመሩ ላይ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ እኔም ፕላስቲክ የለበሰው ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንጫጫል። ያቺ የጽዳት ሴት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና ሰባት ወር ስትጠብቀው የኖረችውን ፕላስቲክ ከዳር ይዛ ገሸለጠችው። ሃያ አምስት ደቂቃ እጄን ይዛ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ሰው እግዜር ይስጣችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሪባን ቢሮው ጠርቶ አስገባኝ። ሆስፒታሉን አዋርደሻል፣ ሰነድ አጭበርብረሻል፣ እንጀራሽን በገዛ እጅሽ ነው የቆረጥሽው አለኝ። የሐሰቱን ስም የሰጡኝ እርስዎ፣ የእውነቱን ስም ያስገባሁት እኔ፣ ያጭበረበረው ማን እንደሆነ እንግዲህ አስተርጓሚ እንጥራ አልኩት። የስንብት ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

ወኪሏ ያኔ ገባች፣ አስተርጓሚዋን አስከትላ። ልትሰናበት ነበር። ፎቁ ጥሩ ነው፣ ሐኪሙና ነርሶቹ ጥሩ ናቸው፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ደግሞ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጣሉ አለች። ግን ሰባት ወር ሰው ያልታከመበት ቦታ ሰው አልልክም፤ እጁ ካልተፍታታ ማን ያምነዋል። ታች ያለውን ወረፋ እዚህ አውጥታችሁ አምስት መቶ ዓይን ሥሩ፣ ከዚያ መጥቼ ካርዱን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፣ ቆጠራውንም ከዚህች ሴት ጋር ነው የማደርገው ብላ ወደኔ ጠቆመች። ሪባን ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋ። በሦስተኛው፣ እኛም ያሰብነው ይህንኑ ነበር አለ። ለአምስት መቶኛው ዓይን ሪባን እንደሚቆርጥ ከአሁኑ ፊቱ ላይ ይነበባል። የስንብቱን ደብዳቤ በእጁ ሸፍኖ ቀስ እያለ ወደ መሳቢያው ሲጎትተው አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ሁላችንም አክስቴ ወዳለችበት ክፍል ሄድን። ሐኪሙ ዓይኗ ላይ የተለጠፈውን ፋሻ ሊያነሳ ነው። አልጋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ከነርሶቹ ጋር ስታወራ አድራ ድምፅዋ ሰልሏል። ሐኪሙ ፋሻውን በቀስታ ላጠው፣ ዓይኗን በጨርቅ ጠረገላት፣ ቀስ ብለው ይክፈቱ አላት። ከፈተች። አርገበገበችው። እኔ እግዚአብሔርን በውስጤ ስንት ጊዜ እንደጠራሁት እሱ ያውቃል።

ሐኪሙ ሁለት ጣቱን ዘርግቶ ስንት ነው አላት። አላየችውም። ማለቴ ጣቱን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው። ካልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ከእግር ጥፍሬ ጀምራ እስከ ፀጉሬ አየችኝ፣ ከዚያ ፊቴ ላይ ቆየች። በጣም ቆየች። ስንት ዓመት ነው ያላየችኝ፤ ድምፄን እየሰማች፣ ጥላዬን እያየች፣ እኔም እየቀረብኩ እየራቅኩ ቤት ውስጥ ስንኖር ለካ አላየችኝም ነበር። ይሄ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

“ይሄን ሁሉ ሽበት መቼ ነው ያወጣሽው?” አለችኝ።

ቆይቷል እትዬ አልኳት።

“ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ልጅ ነሽ ብዬ ነው የማስብሽ። ብቻሽን ነው ያረጀሽው።”

እንባዋ ቁልቁል ወረደ። የእኔም። ሐኪሙ ደንግጦ ጨርቅ ይዞ መጣ፤ ማልቀስ ለዓይንዎ ጥሩ አይደለም፣ ለዛሬ ይዝጉት አላት።

እጁን ከፊቷ ገለል አደረገችው።

“ቆየኝ” አለችው። “ልጄን ልያት።”